“አላው”ን የተጫንኩላችሁ እኔ ነኝ
(ደሴ ላይ በወላጆች ቀን የተደረገ ንግግር)

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ወላጆች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ርዕሰ መምህሩ “ስለ ስልክና ስለ ልጆቹ አንድ ነገር በል” ሲሉኝ ሳቄ መጣ። እኔ ፒያሳ ስልክ የምጠግን ሰው ነኝ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ የቻርጀር ቀዳዳ እበይዳለሁ፣ ፓተርን የጠፋበትን እከፍታለሁ። ግን እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁን በመልክ ባልለይ በስልካችሁ አውቃችኋለሁ። ከሸዋ በርም ከሆጤም ከሰኞ ገበያም አዲስ ስልክ የገዛ ሁሉ “ልጄ፣ ፌስቡክ ክፈትልኝ፣ ቴሌግራም ጫንልኝ” ብሎ ይሰጠኛል። ዛሬ የማወራው ስለዚያ ስለምጭነው ነው። ጥፋት አለበት፤ ጥፋቱም የራሴ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት መጡ። ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ይሰማል” አሉኝ። “ማን?” ስላቸው በአገጫቸው ወደ ስልኩ ጠቆሙኝ። ለካ ቡና ላይ ከልጃቸው ጋር ስለ ስፌት መኪና አውርተው፣ በነጋታው ፌስቡክ ሲከፍቱ የስፌት መኪና ማስታወቂያ ፊታቸው ተደቅኗል። “ከዚያ ወዲህ እሱ ባለበት ሰው አላማም” አሉ። (ይሄ እንኳ ጥሩ ጎን አለው።)

ማስታወቂያው ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነካሁ። “ይህን ለምን አየሁት” የሚል አለ፤ ከፈትኩት። ኢትዮጵያ ያለች፣ ዕድሜዋ ከ30 በላይ፣ ልብስ ስፌት የሚስባት ሴት ይላል። ልጅቷን ጠየቅኋት። ማታውን በዚያው ስልክ ጎግል ላይ ዋጋ ፈልጋለች፤ የስፌት ቪዲዮም ሦስት አራቱን እስከ መጨረሻው አይታለች። ስልኩ መስማት አላስፈለገውም።

በፈረንጆቹ 2018 ቦስተን የሚገኘው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17 ሺህ በላይ አፖች ፈትሸው፣ በድብቅ ማይክ ከፍቶ ድምፅ የሚልክ አላገኙም። ስክሪኑን እየቀረፁ ለሌላ ድርጅት የሚልኩ ግን አግኝተዋል። ማይኩን የምንፈራው ጆሮ ስለምናውቅ ይመስለኛል። በማይሰማው ስንጨነቅ የሚያየውን ረሳነው።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ፤ ከሻጩ ወገን ሆኜ አይቼዋለሁና። አንድ ጊዜ ለሱቄ ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ አሠራሁ፤ ውጭ ያለ ወንድሜ በካርዱ ከፈለልኝ። ካርታ ይመጣል። ደሴ ላይ ነጥብ አድርጌ ክቡን ስጎትተው ጦሳን ዋጠ፣ ኮምቦልቻ ደረሰ። ከዚያ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የሚወዱት ነገር እያልኩ መረጥኩ። የማንንም ስም አልሰጠኝም። ስማችሁ እነሱ ዘንድ ይቀራል፤ ለእኔ የሸጡልኝ ዓይናችሁን ነው። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ በ2024 ካስገባው 164 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 160 ቢሊዮን የሚሆነው ከእንደዚህ ዓይነት ሽያጭ የመጣ ነው። እኛ አንድም ብር ከፍለን አናውቅም፤ የከፈልነው በውሏችን ነው፦ የት ዋልን፣ ምን ፈለግን፣ የትኛው ቪዲዮ ላይ ቆየን።

ሌላም መንገድ አለ፤ እሱ ይብሳል። አንድ ድረ ገጽ ስትከፍቱ ባዶ የማስታወቂያ ቦታ ካለው፣ ገጹ ተከፍቶ ሳያልቅ ጨረታ ይካሄዳል። የስልካችሁ ዓይነት፣ ያላችሁበት አካባቢ፣ የማስታወቂያ መለያ ቁጥራችሁ (ማስታወቂያ የሚሸጡ ስልካችሁን ከሌላው የሚለዩበት ቁጥር) ለብዙ ተጫራቾች በአንዴ ይላካል፤ ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠው ቦታውን ይወስዳል። ዓይን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ያልቃል። ባቲ ሰኞ ገበያ በሬ ተጫርቶ የተሸነፈ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚገባው። እዚህ ግን የተሸነፈውም ስለ እናንተ ያየውን ይዞ ይሄዳል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ስለኛ የሚወራውን መጨረሻ የምንሰማ እኛ ነን።

“ድሃ ነኝ፣ ምን ይሰርቁኛል?” የሚለኝ ብዙ ነው። እሺ። ሌሊት ተነስቶ ስለ ኪንታሮት የሚፈልግ ሰው ግን ጠዋት ለጎረቤቱ አይነግርም፤ አይደለም እንዴ?

አሁን ወደ ጥፋቴ። መብራት ሲሄድ ሁላችሁም “ባትሪ ጫንልኝ” ትሉኛላችሁ። ለዓመታት ጫንኩ። አፑ “ያለህበትን ልይ?” ይላል፤ “አላው” የሚለውን እጫናለሁ፣ ፈቅጃለሁ ማለት ነው። “ኮንታክትህን ልይ?” አላው። ወረፋ አለ፣ ሰው ቆሟል፣ እጄ ለምዷል። ቆይቼ ሳነብ፣ አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮኖች ስልክ ላይ የተጫነ አንድ የባትሪ አፕ ሰዉ ያለበትን ቦታ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲልክ ኖሮ፣ በፈረንጆቹ 2013 የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሶታል። ባለስልኩ ገና እሺ ወይም እምቢ ሳይል ነበር የሚልከው። መብራት ለማብራት የት እንዳለሁ ማወቅ ምን ያደርግለታል? ይህን ጥያቄ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ኮንታክቱ ደግሞ የእናንተ ብቻ አይደለም። የእህት፣ የሐኪም፣ የዕቁብ ሰብሳቢ ቁጥር አደራ ነው። ኬንያ ውስጥ በስልክ የሚያበድሩ ድርጅቶች ከተበዳሪው ስልክ ኮንታክት እየወሰዱ ዘመድና ጓደኛ ላይ ሲደውሉ፣ የአገሪቱ የዳታ ጥበቃ ቢሮ በ2023 ገንዘብ የቀጣው አለ።

ልጆች፣ አሁን እናንተ ስሙኝ፤ ቤት ስትገቡ ለእናትና ለአባት የምታስተካክሉት እናንተ ናችሁ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ አድስ (ማስታወቂያ) የሚለውን ፈልጉ፤ ጎግል በሚለው ሥር የሚመጣበት ስልክም አለ። የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩን ሰርዙት። ማስታወቂያው አይቀርም፤ የተለያዩ አፖች ያዩትን በአንድ ቁጥር አገጣጥመው እናንተ ላይ መለጠፍ ግን ይከብዳቸዋል። ሎኬሽን የጠየቀ አፕ የግድ ካስፈለገው “አፑን ስጠቀም ብቻ” የሚለውን ምረጡ። ካልኩሌተር፣ ባትሪ፣ ጌም ኮንታክት ከጠየቀ እምቢ በሉት፤ ያለዚያ አልሠራም ካለ አጥፉት። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ማን ያያል የሚለውን ኖባዲ (ማንም አይይ) አድርጉት። አይፎን ያላችሁ፣ ከ2021 ጀምሮ አፕ “ልከታተልህ?” ብሎ ይጠይቃችኋል። ጥያቄው ከመጣ ወዲህ እምቢ ያለው ሰው ስለበዛ ሜታ በ2022 ብቻ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊያጎድለኝ ነው ብሏል። እምቢታ በዚህ ከተማ በነፃ ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን ይህን ያህል ያወጣል።

ሕግም አለን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ግላዊ ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ወጥቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃችሁን የያዘውን አካል ምን እንደያዘ መጠየቅ፣ የተሳሳተውን ማስተካከል ትችላላችሁ። መምህራን ለተማሪዎች ቢያነቡላቸው ደስ ይለኛል።

ማስታወቂያ እንዳልጠላሁ ይታወቅልኝ። ኮምቦልቻ ሶፋ የሚሠራው ጓደኛዬ ደንበኛ የሚያገኘው በዚያው ነው፤ ልጆቻችሁ የሒሳብ ቪዲዮ በነፃ የሚያዩትም በዚያው ገንዘብ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሳይጠይቋችሁ እሺ የተባለላችሁ መሆኑ ነው፤ ያልኩትም እኔ።

ስለዚህ ሻይ ሲቀርብ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ይዤ እቀመጣለሁ። እኔ የጫንኩላችሁ ቅድሚያ አላችሁ። ፓስወርዱን አትንገሩኝ፣ ራሳችሁ ከፍታችሁ አምጡት፤ የተፈቀደውን አንድ በአንድ አብረን እናያለን፣ የምትዘጉትን እናንተ ትዘጋላችሁ። ብር አልቀበልም። ስክሪን የተሰበረባችሁ ግን ነገ ሱቅ።