የካቲት ላይ ሂዱ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለንም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ጓሮ ያለው ሰው ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ሄዶ ምን ይዞ ይመለስ፣ ስለሱ ላውራ። ይዞ ስል ችግኝ ማለቴ አይደለም።

ብዙው ሰው የሚሄደው በመስከረምና በጥቅምት ነው። አደዩ፣ ልምላሜው፣ ፎቶው ደስ ይላል። ለአትክልተኛ ግን ብዙ የማይማርበት ሰሞን ነው፤ ክረምቱ ጠጥቶ እስኪጠግብ አጠጥቶት የማያምር ተክል የታለና! የካቲት ላይ ሂዱ። ዋናው ዝናብ ከቆመ ወራት አልፈዋል። አንዱ ቅጠሉ ተጠቅልሏል፣ ሌላው አራግፏል፣ ሌላው ደግሞ ምንም አልመሰለውም። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት የሚሆነው ይኼ ምንም ያልመሰለው ነው። ያንኑ ተክል ነሐሴ ላይ ደግማችሁ እዩት፤ ከግንዱ ሥር ውሃ ይቋጥራል ወይስ ወርዶ ይሄዳል? ቦታው 705 ሄክታር ስለሆነ ሁሉንም ልየው ካላችሁ እግራችሁ እንጂ ዓይናችሁ አይሠራም። አምስት ተክል ምረጡና ሁልጊዜ እነሱ ጋ ተመለሱ።

አሁን ወደ መሬቱ። ማዕከሉ ያለው የእንጦጦ ተዳፋት ላይ ነው፤ ከፍታው ከ2500 ሜትር በላይ። አቃቂ ቃሊቲ ግን ወደ 2100 ገደማ ይወርዳል። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ መካከል ከሁለት ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው። እንደ አስታ ያለ የደጋ ተክል ወድዳችሁ ታች ስታወርዱት ቢያኮርፍ አትገረሙ። ከሙቀቱ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው ግን በአፈሩ ነው። ጦስኝን እዩ፤ ጠጠር ያለበት፣ ውሃ የማይተኛበት ተዳፋት ይወዳል። ቤት አምጥተን ዋልካ ውስጥ እንተክለዋለን። ዋልካ ክረምት ላይ ያብጣል፣ አየር ያጣል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውሃ መሳብ ስለማይችል ይጠወልጋል፤ ባለቤቱ የጠማው መስሎት ይጨምርለታል። በቃ፣ አለቀለት። ዋልካው ላይ ጥቂት አሸዋ መበተንም ብዙ አይፈይድም። መደቡን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉና ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ ጠጠር ሙሉበት። ፍግ አታብዙ፤ ቅጠሉ ይንዠረገግና ሽታው ይቀላል።

የስም ሰሌዳውን የሚያልፍ ሰው ያሳዝነኛል። ሳይንሳዊ ስሙን እንዳለ ገልብጡት፣ ምክንያቱም በአማርኛ «ጽድ» ብላችሁ ችግኝ ጣቢያ ብትጠይቁ ሁለት ነገር ሊሰጧችሁ ይችላሉ። የሐበሻው ጽድ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ነው፤ የፈረንጅ ጽድ የሚባለው ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ ደግሞ የሜክሲኮና የጓቲማላ ሰው ነው። ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ቀርባችሁ ፍሬውን ፈልጉ፦ የሐበሻው ከሽንብራ የማትበልጥ፣ ጠቆር ያለች ሰማያዊ፣ ነጭ ብናኝ የለበሰች፣ ስትጫኗት ለስለስ የምትል ናት። የፈረንጁ እንጨት ነው፤ ድቡልቡል ሆኖ ሲደርቅ እንደ ጋሻ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል። ፍሬ ካጣችሁ አትፍረዱ፤ የሐበሻው ጽድ ወንድና ሴቱ ለየብቻ ስለሆነ የቆማችሁት ወንዱ ሥር ሊሆን ይችላል። ለአጥር እየተከረከመ እንዲቆም ከሆነ የፈረንጁም አይከፋም፤ ያሰባችሁት አገር በቀሉን ከሆነ ግን ልዩነቱን የምታውቁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ቅርንጫፍ መቁረጥና ፍሬ መልቀም ሳይጠይቁ አይሆንም። ሠራተኞቹን አነጋግሩ። ወይራ ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አለ፤ አስፈቅዳችሁ የረገፈውን መልቀም ትችላላችሁ። የጠቆረውን፣ የበሰለውን ብቻ። ሥጋውን በአሸዋና በውሃ አሽታችሁ አስለቅቁ፣ ፍሬውን ጥላ ላይ አድርቁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ቀጥታ ይዘራና ወራት ይጠብቃል፤ እሱም አንዱ በቅሎ አሥሩ ይቀራል። ምክንያቱ ቅርፊቱ ነው፣ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አያስገባም። ፍሬውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጡና በሌላ ድንጋይ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ቀጭ ሲል ተዉት፤ ካደቀቃችሁት ውስጡ ያለው ፅንስ አብሮ ይሞታል። አንዳንዱ መበላሸቱ ስለማይቀር ከምትፈልጉት ሦስት እጥፍ ያዙ። ከዚያ 48 ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደር፣ ውሃው በየቀኑ ይቀየር። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ የተሞላ ፕላስቲክ ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ከላይ ሣር አልብሱት፣ አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩን አንሱ፤ ካዘገያችሁ አንገቱ ይቀጥናል፣ ይወድቃል።