የበረንዳ ፌሮ ቦታው ከላይ ነው
(በደሴ ለግንባታ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ፎርማኖች፣ ግንበኞች፣ ፌሮ ሠራተኞች፣ ቤት ለማሠራት ያሰባችሁ የከተማችን ነዋሪዎችም፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ደሴ ላይ ቦታው ጠባብና ተዳፋት ነው። ስለዚህ ፎቅ የሚሠራ ሁሉ በረንዳውን ወደ ውጭ ማውጣት ይፈልጋል። ፍላጎቱ አይከፋም፤ ሂሳቡ ግን ይታወቅ።

የተሸከመ ነገር ጸንቶ የሚቆመው ከላይ የሚጫነውን ያህል ከድጋፉ ሲመለስለት፣ ሊያዞረው የሚሞክረውንም ሞመንት፣ ማለትም ክብደቱ ከድጋፉ ባለው ርቀት ተባዝቶ የሚገኘውን የማዞር ኃይል፣ እኩል የሚመልስ ሲያገኝ ነው። በሁለት ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ላይ ባረፈ የ6 ሜትር ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ)፣ ከግራው ኮለን በ2 ሜትር ርቀት 12 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 1,200 ኪሎ ግድም ቢጫን፣ ግራው 8 ቀኙ 4 ይካፈላሉ። በረንዳ ግን የሚያካፍለው የለውም፤ ክብደቱንም ሞመንቱንም የሚችለው ግድግዳው ጋ ያለው አንዱ ጫፍ ብቻ ነው።

1 ሜትር ወርድ እንውሰድ። ሶሌታው (የወለሉ ኮንክሪት)፣ ንጣፉና ሰዉ ተደምረው በየሜትሩ 8 ኪሎ ኒውተን ይሁኑ። 1.5 ሜትር ለወጣ በረንዳ ክብደቱ 12 ነው፤ መሃሉ ከግድግዳው 75 ሳንቲም ስለሚርቅ ሞመንቱ 12 በ0.75 ተባዝቶ 9 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይሆናል። ባለቤቱ «ግማሽ ሜትር ብቻ ጨምርልኝ» ቢል ክብደቱ 16፣ ሞመንቱም 16። ክብደቱ በሲሶ ሲጨምር ሞመንቱ ወደ እጥፍ ተጠጋ! ጫፉ ላይ በሜትር 3 ኪሎ ኒውተን የሚመዝን የብሎኬት መከለያ ከተገነባ ደግሞ 3 በ2 ሜትር ተባዝቶ ሞመንቱ ላይ ሌላ 6 ይደረብበታል። መከለያው ቀላል ብረት ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፌሮው። ኮንክሪት ግፊትን ይችላል፣ መሳብን አይችልም። በረንዳ ሲጎብጥ የሚሳበው ላይኛው ፊቱ ነው፤ ዋናው ፌሮም እዚያ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ርዝመትም በረንዳው ከወጣው እንዳያንስ፤ አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። 15 ሳንቲም ውፍረት ባለው ሶሌታ ፌሮው ከታችኛው ፊት 12 ሳንቲም ከፍ ብሎ ታስሮ፣ ሙሌት ላይ ግን ሰው እየረገጠው ወደ 6 ሳንቲም ይወርዳል። ያው ፌሮ፣ ያው ሲሚንቶ ሆኖ የመሸከም አቅሙ ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በጣም የሚያሳዝነው ከተሞላ በኋላ በዓይን አለመታየቱ ነው። ስለዚህ ከፌሮ የታጠፈ እግር ከስሩ አቁሙ፤ መረማመጃ ጣውላም ዘርጉ፤ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት በሜትር ለኩት።

የባሕር ዛፍ ድጋፉን በተዳፋት አፈር ላይ እንዲሁ አታቁሙት፤ ይንሸራተታል፣ ዝናብ ሲመጣም ይሰምጣል። መሬቱን ደረጃ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ከእግሩ ስር ወፍራም ጣውላ ይግባ። ድጋፉ ሲነሳ ከውጭው ጫፍ ተጀምሮ ወደ ግድግዳው ይኬድ። ከግድግዳው በኩል ከጀመራችሁ ጫፉ ላይ የቀረው ድጋፍ በረንዳውን ሁለት እግር ያለው ቢም ያደርገዋል፤ ያኔ የሚሳበው ፌሮ የሌለው የታችኛው ፊት ይሆናል።

ከዓመታት በኋላ ሱቅ ለመክፈት ብሎ ከጫፉ ስር ግድግዳ የሚያቆምም ያንኑ ያደርጋል። አንድ ብሎኬት ከማስቀመጡ በፊት ዲዛይኑን መሐንዲስ ይይለት።