ውልና ማስረጃ ያልደረሰ የቤት ሽያጭ፦ ሰበር ምን አለ?

ሰላም እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምናየው አንድ የሰበር ውሳኔ ነው። ሰበር ማለት በፍርድ ላይ የተፈጸመን መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት ነው። መዝገብ ቁጥሩ 21448። ቤት የገዛ፣ የሸጠ፣ ወይም አሁን ቀብድ ከፍሎ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

እንዲህ ያለውን ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ሻጭና ገዢ ይስማማሉ። ውሉ በወረቀት ይጻፋል፣ ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ደላላው ድርሻውን ይወስዳል። ገዢው ከፍሎ ቁልፉን ይረከባል። ውልና ማስረጃ ግን አልሄዱም። ከዓመታት በኋላ የቤት ዋጋ ሰማይ ሲነካ ሻጩ ይመጣል። "ውሉ አልተመዘገበም፣ ይፍረስልኝ" ይላል።

ይፈርሳል ወይ?

(በስክሪን ላይ፦ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2877 እና 1723)

ችግሩ የሚጀምረው ከእነዚህ ሁለት አንቀጾች ነው። 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። ስለ ምዝገባ ምንም አያነሳም። 1723 ደግሞ ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም፤ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ ይመዝገብ ይላል። የትኛው ይገዛል? ፍርድ ቤቶች አንድ መልስ አልነበራቸውም።

ሚያዝያ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት መልሱን ሰጠ። አንቀጾቹ ተያይዘው ይነበባሉ፤ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ።

ይህ የሁለት ወገኖች ክርክር ነበር። እኛን ለምን ነካን? በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ እንዲያስገድድ ስላደረገ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዳኛ ሌላው የወሰነውን የመከተል ግዴታ አልነበረበትም። አሁን ግን በማታውቋቸው ሰዎች መዝገብ ላይ የተሰጠ ትርጉም እናንተ ስትከሰሱ ይጠቀስባችኋል።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። የ1723 ቃል ግልጽ ስለሆነ ችሎቱ ከመሬት ተነስቶ አልወሰነም። ውጤቱ ግን ብዙ ቅን ገዢዎችን ጎድቷል። ውል ሲፈርስ ሁለቱም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ ገዢው ቤቱን፣ ሻጩ የተቀበለውን ብር ይመልሳል። በዚያ ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ቃሉን ያጠፈው ሻጭ አተረፈ፣ ያመነው ገዢ ከሰረ። ይህ ያሳዝነኛል።

ትርጉሙ ግን እንደዚያው አልቀረም። በኋላ በተሰጠ ውሳኔ ሰበር ጉዳዩን አለሳልሶታል። ሻጩ መሸጡን ካመነ፣ የምዝገባ አለመኖር ብቻውን ውሉን አያፈርስም የሚል አቋም መጣ። ክርክሩ ወደ አንድ ጥያቄ ወረደ፦ ሽያጩ ታምኗል ወይስ ተክዷል?

ሰበር የራሱን ትርጉም እንዴት ይለውጣል? በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 መንገዱን ጠበቅ አድርጎታል። አስገዳጅ ትርጉም የሚሰጠው ቢያንስ አምስት ዳኞች ባሉበት ችሎት ነው። የቀደመውን ለመለወጥ ግን ቢያንስ ሰባት ዳኞች መሰየም አለባቸው። በእኔ እይታ ትልቅ እርምጃ ነው። ሕዝብ ንብረቱን የሚያንቀሳቅሰው በዚያ ትርጉም ተማምኖ ነውና።

ታዲያ ምን እናድርግ? ልትገዙ ከሆነ ዋናውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ቤቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ። ከዚያ ከሻጩ ጋር ውልና ማስረጃ ቀርባችሁ ፈርሙ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ፊርማ ያስፈልጋል።

ሳታስመዘግቡ ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ የባንክ ደረሰኙን፣ የርክክብ ወረቀቱን፣ ሻጩ ሽያጩን ያመነበትን ማንኛውንም ጽሑፍ በጥንቃቄ አስቀምጡ። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ዛሬውኑ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። እምቢ ካለ ጠበቃ አማክሩ። ጠበቃውንም በጉዳዩ ላይ የመጨረሻው የሰበር ውሳኔ የቱ እንደሆነ ጠይቁት።