የትኛው ኳሪ?

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ወንበሩ አሁንም ይንቋቋል። አልቀየርኩትም፤ መልእክት አትላኩልኝ።

ዛሬ ስለ እንቅልፍ ላወራ ነበር። ግን ማታ ያ ስብሰባ ትዝ አለኝና እንቅልፉም ወሬውም ቀረ። ዳታቤዛችንን፣ ማለት የዳታ ማስቀመጫ ሶፍትዌሩን፣ ከፖስትግሬስ ወደ ካሳንድራ የቀየርን ጊዜ እዚህ ቁጭ ብዬ እንደ ጀግና ተረኩላችሁ አይደል? "አራት ወር ፈጀ፣ ግን ተወጣነው" ምናምን። አንድ ነገር ዘልያለሁ።

ስብሰባው ላይ ነን። ትልቁ ቴብላችን፣ ማለት ዋናው የዳታ ሠንጠረዥ፣ 400 ሚሊዮን ረድፍ አልፏል። የደንበኛውን የቀን ታሪክ የሚያመጣው ገጽ 40 ሴኮንድ ይፈጃል። እኔ ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ ማርከር ይዤ፣ ዳታው በስንት ማሽን ላይ እንደሚከፋፈል ሣጥንና ቀስት እየሣልኩ ነው። ጋሽ ስኬል ደስ ብሎት ራሱን ይነቀንቃል። ታውቁታላችሁ፣ ለልደት ግብዣ እንኳ "ሚሊዮን ሰው ቢመጣስ?" የሚለው። ያኔ አብራን የምትሠራ አንዲት ልጅ ከጥግ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "የትኛው ኳሪ ነው ግን የሚዘገየው?" አለች። ኳሪ ማለት ዳታቤዙን የምንጠይቀው ጥያቄ ነው።

እኔ ደግሞ፣ ዞር እንኳ ሳልል፣ "ሁሉም ነዋ! ዳታው በዝቷል እኮ!"

ሰው ሳቀ። ብዙ አይደለም፤ ፈገግታ ቢጤ። እሷ ላፕቶፗን ቀስ አድርጋ ከደነችው። ያቺ የመክደን ድምፅ... እስካሁን ትሰማኛለች።

ከወራት በኋላ የድሮውን ሰርቨር ልዘጋ ስል የቆዩ ትኬቶችን፣ ማለት የችግርና የሥራ መዝገቦችን፣ እጠርግ ነበር። አንዱ ሥር የለጠፈችው ነገር አለ። ከስብሰባው አንድ ቀን በፊት! ኤክስፕሌይን አናላይዝ ነው። ማለት፣ ፖስትግሬስን "ይህን መልስ በየት በየት ዞረህ አመጣኸው?" ብሎ መጠየቂያ። "ሴኩዌንሻል ስካን" ይላል። ቴብሉን ከጫፍ ጫፍ አንብቦታል ማለት ነው። ለአንድ ደንበኛ። ለአንድ ቀን።

ለምን በሉኛ። ኢንዴክሱ፣ ማለት የሚፈለገው ረድፍ የት እንዳለ የሚጠቁመው እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለው ነገር፣ ሰዓትና ደቂቃ ያለው ሙሉው ጊዜ ላይ ነው የተሠራው። እኛ ኳሪው ውስጥ ዓምዱን በፈንክሽን ጠቅልለን፣ ሰዓቱን ልጠን ቀኑን ብቻ እናወዳድራለን። ኢንዴክሱ ደግሞ የተላጠውን አያውቀውም። ቁጭ ብሎ ያየናል። እሷ ከታች የጻፈችው አንድ መስመር ነው፤ "ከዚህ ሰዓት ጀምሮ፣ እዚህ ሰዓት ሳይደርስ" ብለን እንጠይቅ። በቃ።

ሰርቨሩን ሳልዘጋው ሞከርኩት። እንተርን ተጫንኩ፣ ጣቴን ሳላነሳ መጣ። ሜሞሪ ላይ የቀረ ይሆናል ብዬ ሌላ ደንበኛ፣ ሌላ ወር ሞከርኩ። መጣ። ዳታው ያው 400 ሚሊዮን ነው እኮ!

ደግሞ ይህን የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ቢ-ትሪን፣ ኢንዴክሱ የሚደረደርበትን ዛፍ፣ እኮ እወደዋለሁ! ባየርና ማክራይት ቦይንግ ውስጥ ሲሠሩ ያወጡት ነው፣ 1970 ላይ፤ አሁንም አልተነቃነቀም። ፖስትግሬስ ላይ አንዱ ገጽ፣ ማለት በአንዴ የሚነበበው የዳታ ቁራጭ፣ 8 ኪሎባይት ነው። 300 ቁልፍ ይያዝ እንበል። ሁለት ደረጃ ስትወርዱ 90 ሺህ፣ ሦስት ስትወርዱ 27 ሚሊዮን፣ አራት... 8 ቢሊዮን። አራት ገጽ ገልጣችሁ ከ8 ቢሊዮን አንዱን! ዳታው አሥር እጥፍ ቢያድግ አንድ ደረጃ ቢጨምር ነው። ይህን ነገር ለስንት ሰው በኩራት አስረድቻለሁ። ሰሌዳው ፊት ስቆም የት ሄደ?

ቅየራው ስህተት ነበር ልል አይደለም። ወይም... እንጃ። በሴኮንድ የሚገባው ዳታ እያደገ ነበር፤ ያ ውሸት አይደለም። አሁን ያለነው ካሳንድራ ላይ ነው። እሱ የሚጻፈውን ሎግ ላይ ይመዘግባል፣ ሜሞሪ ላይ ይሰበስባል፣ ከዚያ ደርድሮ በአንዴ ዲስክ ላይ ያራግፈዋል። መጻፍ ላይ ማን ይችለዋል! የወሩ ድምር ሪፖርት ግን ዛሬም ያንቀራፍፋል። እሱ ዳታን በዓምድ የሚያስቀምጥ እንደ ክሊክሃውስ ያለ ነገር ነበር የሚፈልገው፤ ከስልሳ ዓምድ ሦስቱን ብቻ እንዲያነብ። እና ማን ጠየቀ? ማንም።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ወይ አያስቅም። ካሳንድራ ላይ ቴብል ከመሥራታችሁ በፊት ኳሪውን ማወቅ አለባችሁ። በምን ቁልፍ እንደምትፈልጉ ካልወሰናችሁ አንድ እርምጃ የለም። አዲስ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሌላ ቴብል። ስለዚህ አሁን በየሳምንቱ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሰውን "የትኛው ኳሪ ነው?" እላለሁ። በራሴ አፍ። ጋሽ ስኬል ደግሞ ራሱን ይነቀንቃል።

እሷ ለቃለች። በዚያ ምክንያት አይመስለኝም፤ የተሻለ ሥራ አግኝታ ነው። ይመስለኛል። ማታ "ያ ኳሪ ትዝ ይልሻል?" ብዬ ጻፍኩላት። ከዚያ "ልክ ነበርሽ" ጨመርኩ፣ አጠፋሁ። ልክ እንደነበረች እሷ መቼ ጠፋት? ይህ ለእሷ ነው ወይስ ለእኔ እንቅልፍ... አልላክሁትም። እዚያው አለ።

ደግሞ ይህን ብትሰማውስ? ድሮ ትሰማ ነበር፤ በወንበሩ ትቀልድ ነበር እንዲያውም። ይሄው፣ ሰማችሁት? ቆይ ይህችን ልቁረጣት... አይ፣ ትቅር።