ሳይጠየቁ የተነሱት የካፔል ኬሊን ሰዎች

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆቻችንም፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የጉዞ ኮሚቴያችን ዛሬ ስለመጣንበት ስለዚህ ሐይቅ አካባቢ ታሪክ ትንሽ እንድናገር ጠይቆኛል። ስለ ውበቱ ብዙ አልልም፤ በዓይናችሁ እያያችሁት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከፊታችሁ ያለው ሐይቅ በሰው እጅ የተሠራ ነው። ከስሩ መንደር አለ። ካፔል ኬሊን የሚባል የዌልስ መንደር ነው።

ትምህርት ቤት ነበረው። ፖስታ ቤት፣ ጸሎት ቤትና መቃብርም ነበረው። ሰዎቹ ገበሬዎች ናቸው። የሚያወሩትም፣ የሚጸልዩትም፣ ልጅ የሚያሳድጉትም በዌልስ ቋንቋ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን በእምነታቸው የተሳደዱ ኩዌከሮች የሚባሉ ክርስቲያኖች ከዚህ ሸለቆ ተነስተው ወደ ፔንሲልቬንያ ተሰደዋል። የሚሰበሰቡበት ሃቮድ ቫዶግ የሚባል የእርሻ ቤትም አሁን ውሃ ውስጥ ነው። በእምነቱ ምክንያት አገር ጥሎ መውጣት ምን እንደሆነ እዚህ መካከል የሚያውቅ አለ።

የምንኖርባት ሊቨርፑል ውሃ ፈለገች፤ ይህን ሸለቆ ልትገድበው ተነሳች። ውሃ መፈለግ ነውር አይደለም። ግን እንዴት ፈለገች? ዓመቶቹን በዚህ አገር አቆጣጠር ልንገራችሁ።

ኅዳር 1956 ላይ የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው ሊቨርፑል መጡ። ሽማግሌው መጣ፣ እናት ልጇን ይዛ መጣች። እኛ በየቀኑ በምንመላለስበት መሃል ከተማ መፈክር ይዘው በሰልፍ ሄዱ። ገንዘብ ጨምሩልን አላሉም። ቤታችንን አታስጥሙብን ነው ያሉት። እስቲ አስቡት፤ ከበግና ከእርሻ ውጭ ሌላ ሥራ የማያውቅ ገበሬ፣ የትምህርት ቤት ልጅ፣ በማያውቁት ትልቅ ከተማ፣ በብርድ! ሰሚ ግን አላገኙም።

የከተማዋ ምክር ቤት ጉዳዩን በቀጥታ ለንደን ፓርላማ ወሰደው። ሕግ ካስወጣ የዌልስን የአካባቢ አስተዳደሮች ፈቃድ መጠየቅ አይኖርበትም። በ1957 ሕጉ ጸደቀ። ከ36ቱ የዌልስ የፓርላማ አባላት 35ቱ ተቃውመው ነበር። ድምፅ ሰጥቶ የደገፈ አንድም አልነበረም። አንድም! የአንድ ሕዝብ ተወካዮች በሙሉ ማለት ይቻላል እምቢ ብለው ሕጉ ካለፈ፣ መጀመሪያውኑ ማን ጠየቃቸው?

«ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ከተማው ብዙ ነው» የሚል አይጠፋም። ይህን ነገር ከአገር ቤት እናውቀዋለን። ለልማት ተብሎ ቀዬው የፈረሰበት ሰው ከመካከላችን አለ። ጥቂት መሆን ያለመጠየቅ ምክንያት አይሆንም! ልማት የሚባለው ነገር የሚነሳውን ሰው አስቀምጦ በማነጋገር መጀመር አለበት።

ከ67ቱ ነዋሪዎች 48ቱ ቤታቸውን አጡ። ከመቃብሩ በቤተሰብ ጥያቄ የስምንት ሰዎች አጽም ተነስቶ ሌላ ቦታ ተቀበረ። የቀሩት እዚያው ቀሩ፤ በላያቸው ኮንክሪት ፈሰሰ። በእኛ ባህል ለሙታን ያለንን ክብር ታውቃላችሁ፤ ምንም አልጨምርበትም።

ጥቅምት 1965 ግድቡ ሲመረቅ ሥነ ሥርዓቱ ከጥቂት ደቂቃ አላለፈም። የተቆጣው ሕዝብ ጮኸ፣ የማይክሮፎኑን ገመድ ቆረጠ። ሊቨርፑል ይቅርታ የጠየቀችው በ2005 ነው። አርባ ዓመት ሙሉ! ስንቱ ይህን ቃል ሳይሰማ ሞተ።

ከዚህ የሚለቀቀው ውሃ ትረወሪን ወንዝ ገብቶ ከዲ ወንዝ ይቀላቀላል። ቼስተር አጠገብ ተስቦ ይጣራና ወደ እኛ ይመጣል። ቡና የምናፈላበት ውሃ ነው። ስለዚህ ነገሩ የዌልሾች ብቻ ነው ብለን ማለፍ አንችልም።

ሌሎቹን ቦታዎች ባጭሩ ልንገራችሁ። ታች ያለው ፍሮንጎክ የሚባል መንደር በ1916 በብሪታንያ አገዛዝ ላይ የተነሱ የአየርላንድ አመፀኞች የታሰሩበት ነው፤ በኋላ የአየርላንድ የነጻነት ትግል መሪ የሆነው ማይክል ኮሊንስም እዚያ ነበር። አበሪስትዊዝ ከምትባለው የዌልስ ከተማ ደቡብ፣ መንገድ ዳር፣ «ትረወሪንን አስታውሱ» የሚል የታወቀ የግድግዳ ጽሑፍ አለ፤ ትረወሪን ያለው ይህን የሰጠመውን ሸለቆ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው መታሰቢያ ጸሎት ቤት የተሠራው ከአሮጌው ጸሎት ቤት ድንጋይ ነው። ከምሳ በፊት ልጆቹን ይዘን እንሂድ።

ለኮሚቴው ሁለት ጥያቄ አለኝ። የጉዞ ማስታወቂያችን ላይ «የሐይቅ ዳር መዝናኛ» ብቻ ተብሎ አይጻፍ፤ ካፔል ኬሊን የሚለው ስም ይጻፍበት። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የምናስተምራቸው ልጆችም ይህን ታሪክ በአማርኛ ይማሩት። ጽሑፉን እኔ አዘጋጃለሁ።

አመሰግናለሁ።