የሚበትነው ቢላ አይደለም

የተከበራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ሌሊት ተነሥታችሁ፣ ግማሽ መንገድ በእግር መጥታችሁ እዚህ የተቀመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኔ የካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ። የተጠራሁት የጡት ካንሰር ከጡት ተነሥቶ ወደ ሌላው አካል እንዴት እንደሚሄድ እንድነግራችሁ ነው። ከዚያ በፊት ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ።

እኚህ እናት የመጡት ወገባቸውን አሟቸው ነው። ብርድ ነው ተብለው ወራት ቅባት ሲቀቡ፣ ማስታገሻ ሲውጡ ከርመዋል። ልብስ ሲቀይሩ ላግዛቸው ስጠጋ የግራ ክንዳቸውን ከጎናቸው አጣበቁ፤ ነጠላቸውንም ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። «እማዬ፣ እዚህ ጋ ያምዎታል?» ብላቸው «ኧረ ምንም አያመኝም» አሉ። አስፈቅጄ እጄን ብብታቸው ውስጥ ሳስገባ እንደ ደረቀ ባቄላ የጠነከሩ፣ እርስ በርስ የተያያዙ ሦስት እብጠቶች አገኘሁ። የጡታቸውም ቆዳ ወደ ውስጥ ተሰርጉዷል። ለካ ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ፍሬ ዳስሰው አግኝተው ነበር። «ያላመመኝን ምን ብዬ ልናገር? ደግሞስ ጎረቤታችን ቢላ ነክቷት አይደል የተበተነባት» አሉኝ።

ዛሬ የምናገረው ሁሉ ለእኚህ እናት መልስ ነው፤ ያኔ በጊዜው ልሰጣቸው ያልቻልኩት መልስ።

የጡት ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ወተት በሚያወርዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ነው። ሴሎቹ ያለ ልክ ይባዛሉ፤ ቱቦው ውስጥ እስከታጠሩ ድረስ ግን የትም አይሄዱም። አጥሩን ጥሰው ከወጡ በኋላ ሁለት መንገድ አላቸው። አንዱ የሊምፍ፣ ማለትም ከአካላችን ሥጋ ተጠራቅሞ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ደም የሚመለሰው ፈሳሽ መንገድ ነው። ከጡት የሚነሣው ሊምፍ አብዛኛው የሚያልፈው በብብት ንፍፊቶች በኩል ነው። እግሩ የቆሰለ ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ሲወጣበት አይታችኋል፤ ብብት ውስጥም እንዲሁ ያሉ ማጣሪያዎች አሉ። ሁለተኛው መንገድ ደም ነው። እብጠቱ ሲያድግ ምግብ ስለሚፈልግ አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ይስባል። እነዚህ ሥሮች ግድግዳቸው የላላ ስለሆነ ሴሎቹ በቀላሉ ሾልከው ይገባሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሴትየዋ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ አንዳች ሕመም አይሰማትም።

ደም ውስጥ ከገቡት ሴሎች አብዛኞቹ እዚያው ያልቃሉ። የተረፉትስ ለምን አንዱን አካል መርጠው ይቀመጣሉ? ይህን ጥያቄ ስቴፈን ፓጄት የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በፈረንጆቹ 1889 አንሥቶት ነበር። በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ ሰብስቦ ሲቆጥር፣ በሽታው ጉበት የደረሰባቸው 241 ሲሆኑ ጣፊያ የደረሰባቸው 17 ብቻ ሆነው አገኛቸው። ጣፊያም እኮ ደም የሚጎርፍበት አካል ነው! ደሙ ያገኘበት ቦታ ሁሉ የሚጥለው ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ይህን ያህል ባልሰፋ ነበር። ስለዚህ ፓጄት ነገሩን በዘርና በመሬት መሰለው። ይህን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የጤፍ ዘር ሲበተን መንገድ ላይም፣ ድንጋይ ላይም ያርፋል፤ የሚበቅለው ግን አራት አምስት ጊዜ በታረሰው ማሳ ላይ ነው። ለጡት ካንሰር የተመቸው ማሳ አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ነው። በብዛትም አጥንት።

አጥንት ላይ ቆም እንበል፤ የእኚያ እናት ወገብ እዚያ ነውና። አጥንታችን እንደ ድንጋይ ደርቆ የተቀመጠ ነገር አይደለም። አሮጌውን የሚያፈርሱ ሴሎችና አዲሱን የሚገነቡ ሴሎች ዘወትር ይሠሩበታል። የካንሰሩ ሴል ገብቶ አፍራሾቹን ያነሣሣል። አጥንቱ ሲፈርስ ደግሞ ውስጡ ተከማችቶ የነበረው የእድገት ንጥረ ነገር ይለቀቅና ካንሰሩን መልሶ ይቀልበዋል። ካንሰሩ ሲያድግ ይበልጥ ያፈርሳል፤ ሲያፈርስ ይበልጥ ያድጋል። አከርካሪው በዚህ ሁኔታ ተቦርቡሮ ነው ያ ወገብ ሌሊት ተኝቶም እንኳ የማያስተኛው። ጡቷን የታመመች ወይም የታከመች ሴት እግሬ ከዳኝ፣ ሽንቴን መቆጣጠር አቃተኝ ካለቻችሁ ነገ አትበሉ፤ ሕብለ ሰረሰሯ እየተጨፈለቀ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሆስፒታል ትድረስ።

አንድ የምታገኙት ግራ መጋባት አለ። «ጡቷን ነበር፣ አሁን ደግሞ የአጥንት ካንሰር ያዛት» ይባላል። አጥንት ውስጥ ያለው ያው የጡት ካንሰር ነው፤ መድኃኒቱም የሚመረጠው በዚያው ነው።

ሌላው ከባድ ነገር መተኛቱ ነው። አንዳንዱ ሴል መቅኒ ውስጥ ገብቶ ሳይባዛም ሳይሞትም ለዓመታት ይቀመጣል። በተለይ በሆርሞን የሚያድገው ዓይነት ከአሥር፣ ከሃያ ዓመት በኋላም ሊነሣ ይችላል። እንደ ታሞክሲፈን ያለው፣ ሆርሞኑ ካንሰሩን እንዳያሳድገው የሚያግድ ኪኒን ለአምስት ወይም ለአሥር ዓመት የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ቀዶ ሕክምናዋን ጨርሳ፣ ፀጉሯ ተመልሶ በቅሎ፣ ደኅና ሆና የምታዩዋት ሴት ኪኒኑን «ድኛለሁ» ብላ ስታቆም በጣም አዝናለሁ። ቤት ለቤት ስትሄዱ የክትባት ካርድ እንደምትጠይቁ ሁሉ ኪኒኑንም ጠይቁልኝ። ጸበል የሚሄዱትንም አትከልክሏቸው። ጸበላቸውን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውን መዋጥ ይችላሉ።

አሁን ወደ ቢላው ልምጣ። ለናሙና የሚገባው መርፌ ካንሰሩን ይበትነዋል የሚለው ፍርሃት ስንቷን እናት ቤቷ አስቀርቷታል! መርፌ በሄደበት መስመር ሴል ቀርቶ የሚያድግበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው፤ ያም ሆኖ ዕድሜ እንደሚያሳጥር አልታየም። ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ጎረቤትየዋ ሁለት ዓመት ደብቃ፣ ዘሩ ጉበቷ ከደረሰ በኋላ ነው ቀዶ ሕክምና የተደረገላት። በስድስተኛው ወር ስትሞት ሰው ቢላውን አየ፤ ሁለቱን ዓመት ማንም አላየውም። ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ያንኑ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሐኪሞችም ቢላን በተመለከተ ተሳስተው ያውቃሉ። በአሜሪካ ዊሊያም ሃልስቴድ ካንሰሩ ከጡት ወደ ብብት በተራ ነው የሚሄደው ብሎ፣ ጡቱን ከደረት ጡንቻው ጋር ጠርጎ ያወጣ ነበር፤ ለአሥርት ዓመታትም ብዙዎች ተከተሉት። በኋላ በርናርድ ፊሸርና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 1985 ያወጡት ጥናት፣ እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጨረር የተጨመረላቸው ሴቶች ሙሉ ጡታቸው ከወጣላቸው እኩል በሕይወት እንደሚቆዩ አሳየ። ሰፍቶ መቆረጡ ዕድሜ አልጨመረም፤ ምክንያቱም ዕጣውን በአብዛኛው የሚወስነው ሴሎቹ ከጡት ቀድመው መውጣት አለመውጣታቸው ነው። በጊዜ የመጣች ሴት ጡቷንም ላታጣ ትችላለች። ይህን ለባሎቻቸውም ንገሩ።

በፈረንጆቹ 2022 በዓለም ላይ 670,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ሞተዋል። የእኛ አገር ሴቶች ብዙዎቹ ወደ እኛ የሚደርሱት ብብታቸው ካበጠ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን የምንሠራው አለን፤ አጥንት የደረሰባትም ሴት ሕመሟን አስታግሳ ዓመታት ልትኖር ትችላለች። ያቺን አንዲት ፍሬ ግን የምታገኙት እናንተ ናችሁ፤ እልፍኝ ድረስ የምትገቡት እናንተ ስለሆናችሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሪፈራል ስትጽፉ እብጠቱ መጀመሪያ የተዳሰሰበትን ወር ጻፉልኝ። «አያመኝም» ያለችውንም እንዳለ ጻፉ። ከሻይ በኋላ ብብት እንዴት እንደሚዳሰስ በተራ በተራ አሳያችኋለሁ፤ ጥፍራችሁን ከርከም አድርጋችሁ ኑ። አመሰግናለሁ።