ላምዳ፣ ስንዝር እና የሊን ኮንዌይ ስም

ሄለን፦ የዛሬው ርዕሳችን ትራንስጀንደር ሴቶች ሥራ ቦታ ላይ የሚደርስባቸው አድልዎ ነው። የምናነሳት ሊን ኮንዌይን ነው፣ አሜሪካዊቷን የኮምፒውተር መሐንዲስ። ዳዊት፣ እባክህ ከቺፑ አትጀምር።

ዳዊት፦ ከቺፑ ካልጀመርን የተነጠቀችው ነገር በምን ይታወቃል?

ሄለን፦ ይኸው ጀመረ።

ዳዊት፦ አንድ ደቂቃ ብቻ! ያኔ የቺፕ ንድፍ ሕጉ ሁሉ በማይክሮን፣ በሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ፣ ነበር፤ ከፋብሪካ ፋብሪካም ይለያያል። ፋብሪካው መስመር ባቀጠነ ቁጥር ንድፉ እንደ አዲስ ይሠራል። እሷ ማይክሮኑን ትታ ላምዳ የሚባል መለኪያ አመጣች። የፖሊሲሊከን፣ ከሲሊከን የተሠራ ሽቦ በይው፣ መስመር ስፋት ቢያንስ 2 ላምዳ፣ የብረቱ 3፣ በብረትና በብረት መካከል ሌላ 3።

ሄለን፦ እንደ ስንዝር በለው።

ዳዊት፦ ስንዝር! የልጅ እጅም ይሁን የአዋቂ፣ ሦስት ስንዝር ሦስት ስንዝር ነው። ላምዳ 3 ማይክሮን ከሆነ ብረቱ 9 ይሆናል። ፋብሪካው ተሻሽሎ ላምዳ 1 ሲሆን ብረቱ 3። ንድፉን ማንም አይነካውም። ደግሞ ጌቱ፣ ትራንዚስተሩን የሚከፍትና የሚዘጋው የፖሊሲሊከን መስመር፣ ከዲፊውዥኑ፣ ኤሌክትሪክ ከሚሄድበት የሲሊከን ክፍል፣ ጠርዝ 2 ላምዳ አልፎ መውጣት አለበት። ለምን በይኝ።

ሄለን፦ አልልህም።

ዳዊት፦ ማስኩ፣ ንድፉ ቺፑ ላይ የሚታተምበት ቅርጽ፣ ትንሽ ከተንሸራተተ፣ በጌቱ ጫፍ በኩል የዲፊውዥኑ ሁለቱ ወገኖች ይገናኛሉ። ትራንዚስተሩ መቼም አይዘጋም!

ሄለን፦ ስንዝሩ በቃን። በፈረንጆቹ 1968።

ዳዊት፦ አዎ። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ውስጥ ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ ብዙ ትእዛዝ እንዴት እንደሚያስኬድ፣ የተዘጋጀውን እያስቀደመ ማለት ነው፣ ዘዴውን አግኝታለች። ፆታዋን ልትቀይር መሆኑን ሲያውቁ አባረሯት። ይቅርታ የጠየቁት በ2020 ነው፣ ከ52 ዓመት በኋላ።

ሄለን፦ ከተባረረች በኋላ ያለው ነው የሚያንገበግበኝ። በአዲስ ስም የኮንትራት ፕሮግራመር ሆና ከታች ጀመረች። የአይቢኤሙን ሥራ ሲቪዋ ላይ ብታሰፍረው ማንነቷ ይወጣል፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ልምድ እንዳልነበረ ሆነ። በ1973 ፓርክ የሚባለው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ገባች።

ዳዊት፦ ላምዳን የሠራችው እዚያ ሆና ነው! በ1978 ደግሞ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ አስተማረችው፤ ተማሪዎቹ የነደፉት ቺፕ ተመርቶ እጃቸው ገባ።

ሄለን፦ ታዲያ ልብ በል፣ ፓርክ ውስጥ ለአብዛኛው ሰው ሴት ናት፣ አለቀ። ያኔ የመጣባት ሌላኛው፣ ሴቶች ላይ የሚደርሰው አድልዎ ነው። የቺፕ ንድፉን መማሪያ መጽሐፍ ከካልቴክ ዩኒቨርሲቲው ካርቨር ሚድ ጋር ጻፉት። የአሜሪካ የፈጠራ ሰዎች የክብር መዝገብ እሱን በ2009 አስገባ፣ እሷን በ2023።

ዳዊት፦ እኔ ግን… ሚድ ቀድሞም ስመ ጥር ፕሮፌሰር ነበር። እሷ ደግሞ ለዓመታት ራሷን ደብቃ ኖራለች።

ሄለን፦ ማን አስደበቃት? ደግሞ በ2009 ታሪኳ አደባባይ ከወጣ ዓመታት አልፎታል።

ዳዊት፦ እሺ፣ ግማሹን ተቀብያለሁ።

ሄለን፦ ግማሹን! በ2008 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ፣ የሺልትና የዊስዎል። ትራንስጀንደር ሴቶች ከተቀየሩ በኋላ አማካይ ገቢያቸው አንድ ሦስተኛ ገደማ ወርዷል፤ የትራንስጀንደር ወንዶች በጥቂቱ ጨምሯል። ሰውየው ያው፣ እውቀቱ ያው።

ዳዊት፦ ይሄን አልከራከርም። በዲፊውዥንና በዲፊውዥን መካከል ያለውን ርቀት ግን ሳልናገር…

ሄለን፦ ስንት ነው?

ዳዊት፦ 3 ላምዳ።

ሄለን፦ ስንዝር በል።